ምዕራፍ ሰባት፦ ፎቶው በሌላ መንገድ ይሂድ

ከአሶሳ በሆሞሻ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ኩርሙክ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለችውም ከተማ ኩርሙክ ትባላለች፤ በሰላሙ ጊዜ ነጋዴውም ዘመዱም ከአንዱ ኩርሙክ ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖሯል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን በዚህ በር የሚገባው በአብዛኛው ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ልጅ በጀርባ፣ ልብስ በፌስታል፣ ስልክ በኪስ ይዞ ይመጣል።

ስልኩ ውስጥ ያለውን እናስብ። የሠርግ ፎቶ አለ። የትምህርት ማስረጃው፣ የቤቱ ካርታ፣ የልጁ የክትባት ካርድ በፎቶ ተነሥተው ተቀምጠዋል። የሞተ አባት ፊት አለ። ወረቀቶቹ እዚያው ስለቀሩ ስልኩ ላይ ያለው ቅጂ አሁን ዋና ሆኗል። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ ሲም ካርዱ ከወሰን ወዲህ አያገለግልም። ያ ስልክ ውኃ ቢገባበት ወይም መንገድ ላይ ቢቀማ፣ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በምስል የተያዘው በሙሉ አብሮት ይሄዳል።

ይህ ምዕራፍ መንገደኛ ፎቶውን እንዴት አድርጎ ከአገር አገር እንደሚያሻግር ያስረዳል። ለትምህርት ወደ ቻይና ወይም ወደ ሕንድ የሚሄደው ተማሪ፣ ለሥራ ወደ ቤሩት ወይም ወደ ሪያድ የምትሄደው ወጣት፣ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ሁሉም የኩርሙኩ ሰው የገጠመው ነገር በመጠኑ ይገጥማቸዋል። ምሳሌዬን ከአሶሳና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምወስደው ችግሩ እዚያ ሳይሸፋፈን ስለሚታይ ነው። ወሰኑ ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ግን በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትዎርክ ይጠፋል። በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ዘዴ በማንኛውም የዓለም ክፍል ይሠራል።

ዘዴው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ሁለተኛው ቅጂ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚጓዝ ከሆነ ሁለተኛ ቅጂ አይባልም።

ይህን ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊት በዚሁ ምድር ላይ በሕይወቱ ያስመሰከረ ሰው አለ። ሁዋን ማሪያ ሹቨር የተባለ የአምስተርዳም ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1881 ከካርቱም ተነሥቶ ጥቁር ዓባይን ተከትሎ ወደ ቤኒሻንጉል ዘለቀ። ዕድሜው ገና 30 አልሞላም ነበር። የበርታን፣ የኮሞንና የሌሎችንም የአካባቢውን ሕዝቦች ኑሮ በማስታወሻው አሰፈረ፣ ካርታ አነሣ፣ ዕቃ ሰበሰበ። በነሐሴ 1883 ባሕር ኤል ጋዛል ውስጥ ሌላ ጉዞ ላይ ሳለ ተገደለ። ያየውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ደረቱ ላይ ይዞት ቢዞር ኖሮ አንዲት ገጽ ባልተረፈችን ነበር። እሱ ግን የሚጽፈውን ከመንገድ ላይ በየጊዜው ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። በጀርመኗ ጎታ ከተማ ይታተም የነበረው የፔተርማን የጂኦግራፊ መጽሔት በሞተበት ዓመት የጉዞ ሪፖርቱን በልዩ ዕትም አወጣለት። ከ100 ዓመት በኋላም የወሰኑን ሕዝቦች ለረጅም ዘመን ያጠኑት ዌንዲ ጄምስ ከጌርድ ባውማንና ከዳግላስ ጆንሰን ጋር ሆነው የተረፈውን ጽሑፉን አሰናድተው በ1996 በሃክሉት ማኅበር በኩል በእንግሊዝኛ አሳተሙት። ዛሬ የ19ኛውን መቶ ዘመን ቤኒሻንጉል የሚያጠና ሰው ሹቨርን ሳይጠቅስ አያልፍም። ሰውየው መንገድ ላይ ቀረ፤ ሥራው በሌላ መንገድ ሄዶ ስለነበር ተረፈ።

እኛም አገር ይህ ልማድ ነበረ፤ ባክአፕ የሚል ስም ብቻ አልነበረውም። በፊልም ካሜራ ዘመን አንድ ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ ሲነሣ ኔጋቲቩ ፎቶ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፣ አንዱ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበት አዲስ አበባ ወይም ውጭ ላለ ዘመድ በሰው ይላካል። ቤቱ ቢቃጠል ፎቶ ቤቱ አለ፤ ፎቶ ቤቱ ቢዘጋ ዘመዱ አለ። ማንም ሳያቅደው ሦስት ቅጂ በሦስት ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። ስልክ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ዛሬ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ፎቶ እናነሣለን፣ ግን ሁሉም በአንድ ኪስ ውስጥ ባለ አንድ ዕቃ ላይ ይከማቻል። በቁጥር ከወላጆቻችን በብዙ እጥፍ በልጠናል፤ በጥበቃ ግን ከእነሱ ወደ ኋላ ቀርተናል ብዬ አምናለሁ።

«ስልኩ ቢበላሽ ጠጋኙ ያወጣልኛል» የሚል እምነት በሰፊው አለ። አሶሳም ሆነ መርካቶ የስልክ ጥገና ሱቅ ደጃፍ ቢቀመጡ ይህንኑ ይሰማሉ፤ ደንበኛው «ስልኩ ይቅር፣ ፎቶውን ብቻ አውጣልኝ» ይላል። በድሮዎቹ ስልኮች ይህ የሚቻልበት ጊዜ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጋር ለገበያ የቀረቡና ከዚያ ወዲህ የመጡ ስልኮች በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። አይፎን ከዚያም ቀድሞ ጀምሯል። ቁልፉ ደግሞ ከስልኩ ቦርድ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ የማስታወሻ ቺፑን ነቅሎ ሌላ መሣሪያ ላይ ቢያነበው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። ስክሪኑ ብቻ ተሰብሮ ከሆነ ስክሪን ቀይሮ ያድነዋል። ቦርዱ ከሞተ ግን ያንኑ ቦርድ ነፍስ ከመዝራት በቀር መንገድ የለም፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ሌባ ስልክዎን ቢወስድ ፎቶዎን እንዳያይ የሚጠብቅዎት ቁልፍ፣ ስልኩ ሲሞት እርስዎንም ውጭ ያስቀራል።

ሜሞሪ ካርድ ከዚህ የሚለይበት ነገር አለ። ርዝመቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 11፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ስልኩ የካርዱን ቦታ ካልቆለፈው በስተቀር ካርዱን አውጥተው በሌላ ስልክ ወይም በካርድ ሪደር ማንበብ ይቻላል። ስልኩ ይሰበራል፣ ካርዱ ይተርፋል። ታዲያ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ገበያ ላይ 512 ጊጋባይት ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ካርዶች ብዙዎቹ ሐሰተኛ ናቸው። ውስጣቸው 8 ወይም 16 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ስልኩን የሚያታልል ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ካርዱ የሚችለውን ያህል ከሞላ በኋላ አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ጭራሹኑ አይቀመጥም፤ የፋይሉ ስም ግን ይታያል፤ ሲከፈት ነው ግራጫ ሆኖ የሚገኘው። ካርድ ከገዙ በኋላ ከጉዞ በፊት እስከ አፉ ሞልተው፣ መጨረሻ የገቡትን ፋይሎች ከፍተው ይዩ። ሁለተኛ፣ ካርድም ሆነ ፍላሽ መረጃ የሚይዘው በጥቃቅን ክፍሎቹ ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ያ ኃይል በጊዜ ብዛት ይተናል፤ በሙቀት ይብሳል። የቆላው ፀሐይ ሲበረታ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ፍላሽ አደጋ ላይ ነው። ፍላሽ ለመንገድ ነው። ለ10 ዓመት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ አልተሠራም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚተማመንበት ወደ ጎግል ፎቶስ እንምጣ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር ያለ ገደብ በነፃ ያስቀምጥ ነበር። ከሰኔ 1 ቀን 2021 ወዲህ ግን አዲስ የሚገባው ሁሉ ከ15 ጊጋባይቱ ነፃ ቦታ ላይ ይታሰባል፤ ይህ ቦታ ደግሞ ለጂሜይልና ለጎግል ድራይቭም ጭምር ነው። በድሮው ነፃነት ለምደው ቦታው ከሞላ ብዙ ወር ያለፈውን የማያውቁ ሰዎች አሉ። ስልኩ ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ባለቤቱ ሳያነብ ያጠፋዋል፣ ባክአፑ ግን ከቆመ ቆይቷል። አይፎን የሚይዝ ሰው ደግሞ በአይክላውድ ላይ በነፃ የሚያገኘው 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከአንድ ሠርግና ከአንድ ጥምቀት አያልፍም።

ከቦታው ይልቅ ብዙ ፎቶ የሚያስበላው ግን ሌላ ነው። ጎግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ በስልክዎ ጋለሪና በጎግል ቋት ውስጥ እንደ አንድ ነገር ተሳስሮ ይኖራል። በመተግበሪያው ውስጥ «ሰርዝ» ካሉት ከሁለቱም ይጠፋል። አንድ መንገደኛ አዲስ ፎቶ ለማንሣት ስልኩ «ሞልቷል» ሲለው፣ «ጎግል ላይ አለልኝ» ብሎ የአንድ ዓመት ፎቶ መርጦ ይሰርዛል፤ በራሱ እጅ ሁለቱንም ቅጂ አጠፋ ማለት ነው። ስልኩ ላይ ብቻ ቦታ ማስለቀቅ ሲያስፈልግ፣ ባክአፕ የተደረጉትን ለይቶ ከስልኩ የሚያነሣ ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለው። እሱን ፈልገው ይጠቀሙ። ስሕተቱ ከተፈጸመም ተስፋ አይቁረጡ፤ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ከተሰረዘ በኋላ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፣ ባክአፕ ያልተደረገው 30 ቀን። አይፎንም የተሰረዘውን 30 ቀን ያቆያል። ከሜሞሪ ካርድ ላይ የጠፋ ፎቶ ደግሞ ወዲያው አይደመሰስም፤ ቦታው «ነፃ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ፎቶው እዚያው አለ። አዲስ ፎቶ ካልተነሣበት ፎቶሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙውን ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ በካርድ ላይ ያለ ፎቶ በስሕተት ከጠፋብዎ በዚያ ካርድ አንድም ሥዕል አያንሡ፤ አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው ኮምፒውተር እስኪያገኙ ያስቀምጡት።

ኢንተርኔቱስ? እዚህ ላይ ሒሳቡን በግልጽ መሥራት ይሻላል። በአሶሳ አካባቢ ዙምባራ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉ ሰዎችን ጨዋታ አንድ ደቂቃ በፎርኬ ጥራት፣ በሴኮንድ 60 ምስል የሚቀርጽ አይፎን 400 ሜጋባይት ያህል ይፈጥራል። ያንኑ በተለመደው 1080 ጥራት፣ በሴኮንድ 30 ምስል ቢቀርጸው 60 ሜጋባይት ይበቃዋል። ኔትዎርኩ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚጭን ከሆነ የመጀመሪያው ለመሄድ 53 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሁለተኛው 8 ደቂቃ። እያንዳንዳቸው 3 ሜጋባይት የሆኑ 500 ፎቶዎች በዚሁ ፍጥነት ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ መብራቱ ካልጠፋ፣ መስመሩም ካልተቋረጠ። ቪዲዮው ለትልቅ ስክሪን ካልተፈለገ በስተቀር መንገደኛ ፎርኬውን ቢያጠፋው ይበጀዋል። ጎግል ፎቶስም ላይ ቦታ ቆጣቢውን ምርጫ ቢይዝ ፎቶውን እስከ 16 ሚሊዮን ነጥብ፣ ቪዲዮውን እስከ 1080 ድረስ ያቆይለታል፤ ለቤተሰብ ፎቶ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

መስመሩ ደግሞ ከነጭራሹ የሚዘጋበት ቀን አለ። በሰኔ 2011 ዓ.ም አገሪቱ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ቀናትን አሳልፋለች። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻም ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በግጭት አካባቢ ያሉ ወረዳዎች ከዚያም የረዘመ ጊዜ ያውቃሉ። እንግዲህ ክላውድን፣ ማለትም እንደ ጎግል ፎቶስና አይክላውድ ያለውን የኢንተርኔት ማስቀመጫ ብቻ ተማምኖ የሚሄድ ሰው ባክአፕ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ባዶ እጁን ይቀራል።

ለዚህ ጊዜ በአገራችን ወጣቶች እጅ ያለ ነገር ይጠቅማል። ዜንደርን ለፊልምና ለሙዚቃ መቀባበያ የማያውቀው የለም። ሁለት ስልኮች ያለ ኢንተርኔትና ያለ ዳታ በራሳቸው ዋይፋይ ተገናኝተው ፋይሉን ጥራቱን ሳይቀንሱ ይቀባበላሉ፤ አንድሮይድ ላይ ያለው ኩዊክ ሼርም፣ በአይፎኖች መካከል ኤርድሮፕም ያንኑ ያደርጋል። በጉዞ ላይ ማታ ማታ የቀኑን ፎቶ ወደ ጓደኛ ስልክ መላክ፣ የእሱንም መቀበል፣ ከ15 ደቂቃ የማያልፍ ሥራ ነው። ጓደኛዎ በሌላ መኪና ወይም በሌላ ቀን የሚመለስ ከሆነ ደግሞ እጅግ ጥሩ፤ ፎቶዎ በሌላ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ብቻዎን ከሆኑ ኦቲጂ የምትባለውን ትንሽ ማገናኛ ገዝተው ፍላሽ ስልክዎ ላይ ይሰኩ፣ በዓመት፣ በወርና በቀን የተሰየመ ፎልደር ይክፈቱ፣ ይቅዱ። ቅጂው እንዳለቀ ፍላሹን ነቅለው መልሰው ይሰኩትና ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ፎቶ ከራሱ ከፍላሹ ላይ ይክፈቱ። ይህችን ማጣራት የሚዘልል ሰው ቅጂ ሳይሆን የፋይል ስም ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ፍላሹን ከስልኩና ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አያኑሩት፤ ቀበቶ ኪስ ውስጥ፣ ወይም አሶሳ ላይ የሚያምኑት ሰው ዘንድ ይሁን።

ቴሌግራም የብዙዎቻችን ያልተጠራ ባክአፕ ሆኗል፤ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ሁሉን እናከማቻለን። አልቃወምም፤ አላላኩን ግን ማወቅ ያሻል። በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ረዥሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል። 4000 በ3000 የነበረው ፎቶ 1280 በ960 ይሆናል፤ ከ12 ሚሊዮን ነጥብ 1.2 ሚሊዮኑ ብቻ ተረፈ። ከዚህም በላይ ፎቶው የተነሣበት ቀንና ቦታ የተጻፈበት ድብቅ መረጃ ይወልቃል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን ምንም ሳይነካ እንዳለ ይሄዳል፤ አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቀድለታል። ልዩነቱ ያለው ሲልኩ በሚነኳት አንዲት ቁልፍ ላይ ነው፤ «ፋይል» የሚለውን ይምረጡ።

ስለ ቀንና ሰዓት ካነሣን ኩርሙክ ላይ የሚያጋጥም ነገር አለ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2017 ኅዳር መግቢያ ላይ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ትዘገያለች። ወሰን ላይ ያለ ስልክ ከማዶ ያለ የኔትዎርክ ማማ ከያዘ ሰዓቱን በራሱ ይለውጣል፤ ያን ቀን የተነሡት ፎቶዎች ቅደም ተከተላቸው ይዘበራረቃል። ለቤተሰብ ፎቶ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለጋዜጠኛ፣ ለዕርዳታ ሠራተኛ ወይም ማስረጃ ለሚሰበስብ ሰው ግን ሰዓቱን በእጅ መቆለፍ ግዴታ ነው።

ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ሲም ካርዱ ነው። ጂሜይልና ቴሌግራም ከአዲስ ስልክ ሊከፈቱ ሲሉ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካሉ፤ ቁጥሩ የሚሄደው አገር ቤት ወደተተወው፣ ወይም ከስልኩ ጋር ወደተሰረቀው ሲም ነው። ሪያድ ላይ ስልኳ የጠፋ ወጣት ፎቶዋ ሁሉ ጎግል ላይ በሰላም ተቀምጦ ሳለ በሩን መክፈት ያቅታታል። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆየ የስልክ ቁጥርም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። መድኃኒቱ ከመሄድ በፊት የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በጎግል አካውንት የደኅንነት ገጽ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ካበሩ በኋላ የመጠባበቂያ ኮዶች የሚል ክፍል ያገኛሉ። ስምንት ስምንት አኃዝ ያላቸው 10 ቁጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፣ ሲም አያስፈልገውም። በወረቀት ገልብጠው አንዱን ከፓስፖርትዎ ጋር፣ ሌላውን አሶሳ ለእናትዎ ወይም ለታላቅ እኅትዎ ይስጡ። ቴሌግራም ላይም ያለ አገልግሎት ከቆየ አካውንቱ ራሱን የሚያጠፋበትን ጊዜ በቅንብሩ ውስጥ ያርዝሙት። ጎግልም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ገብተው ይውጡ።

ሁሉን ማዳን ካልተቻለ ምን ይቅደም? በቅድሚያ ወረቀት፤ ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማ፣ የቤትና የመሬት ሰነድ። ቀጥሎ ከእንግዲህ ሊነሡ የማይችሉ ሰዎች ፎቶ። መልክዓ ምድሩ፣ ቀርከሃው፣ ማንጎው ይቆዩ፤ እነሱን ተመልሶ ማንሣት ይቻላል። በጥር 2014 ዓ.ም በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ያለው የቶንጎ የስደተኞች መጠለያ ሲዘረፍና ሲቃጠል ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ሸሽተዋል። እነዚያ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ የተሰደዱ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከሱዳን ተርፎ የመጣ ወረቀት እዚያ ከተቃጠለ፣ ቀድሞ በፎቶ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ካልደረሰ በቀር ከየት ይገኛል?

ሌላ ቦታ የደረሰ ቅጂ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ስልክን ባዶ አድርጎ መሻገር ያስችላል። በግጭት ቀጠና ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል፤ ወታደር፣ ድልድይ ወይም የታጠቀ ሰው የታየበት አንድ ፎቶ ባለቤቱን ሊያስገድል ይችላል። ቅጂው አስቀድሞ የሄደለት ሰው የሚያሰጋውን ሁሉ ያለ ጸጸት ያጠፋል። ታዲያ ከዋናው ብቻ ሳይሆን ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር መጥፋቱን ያረጋግጥ። የሌላ ሰው ፊት ያለበትን ፎቶም እንዲሁ ነው የምናየው፤ የስደተኛ ሴት ፊት ሳይፈቀድ ተነሥቶ በግሩፕ ቢበተን ሸሽታ ያመለጠችው ሰው ሊያገኛት ይችላል። ጠይቆ ማንሣት፣ ካልፈቀደች መተው ግዴታ ነው።

የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ አንድ ደንብ አላቸው። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ 3፣ 2፣ 1 ብሎ አስተዋወቀው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ደንቡ ቢሮና ሃርድ ዲስክ ላለው ሰው የተሠራ ስለሆነ ለመንገደኛችን እንደ አቅሙ መተርጎም አለበት። አንዱ ቅጂ በስልኩ፣ አንዱ በፍላሽ ወይም በጓደኛ ስልክ፣ ሦስተኛው መስመር በተገኘበት ሰዓት በፋይል መልክ ለዘመድ የተላከ ወይም ጎግል ላይ የወጣ። ሃርድ ዲስክ የሚገዛበት ገንዘብ ላለው ጥሩ ነው፤ ለሌለው ግን ከእነዚህ አንዱም ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መጨመር የሚችል ሰው ለዘመድ የሚላከውን ይምረጥ እላለሁ። ዘመድ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ቦታ ሞላ ብሎ አይመልስም፣ ከሁሉም በላይ ፎቶው የማን እንደሆነ ያውቃል።

ዛሬ ሸርቆሌ፣ ባምባሲ፣ ጾሬና ኡራ መጠለያዎች ውስጥ፣ እንዲሁም ከመተከልና ከካማሺ ተፈናቅለው በየከተማው የተጠጉ ሰዎች መካከል አንድም የቤተሰብ ፎቶ ያልቀራቸው አሉ። ሆኖም ብዙዎቹ በደጉ ጊዜ ለዘመድ ፎቶ ልከው ነበር፤ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ ከዚያም በፊት ጀርባው ላይ ተጽፎበት በሰው እጅ። እነዚያ ቅጂዎች አሁንም አዲስ አበባ፣ ካይሮ፣ ጅዳ፣ ዋሽንግተን በሰዎች ስልክና መሳቢያ ውስጥ አሉ። በውጭ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የድሮ የመልእክት ልውውጣችሁን ወደ ኋላ ሂዳችሁ ፈልጉ፣ የወረቀቱንም በጥሩ ብርሃን ከፊትም ከጀርባም አንሡት፣ ስማቸውን ጽፋችሁ በፋይል መልክ መልሱላቸው።